1,800 ካሎሪን ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ በምመላለስበት ቀን እንዴት ልከፋፍለው?

ከቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ) · ሰኞ ማታ 3:20

እንደምን ናችሁ ወገኖቼ። ባለፈው ሳምንት ተመርምሬ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 112 ሆነ። ሐኪሙ «ገና ስኳር በሽታ አልሆነም፣ ጫፉ ላይ ግን ነህ፤ መድኃኒት አልጀምርልህም፣ ክብደት ቀንስ» አለኝ። ዕድሜዬ 34፣ ክብደቴ 84 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «በቀን 1,800 ካሎሪ» ብሎ ጻፈልኝና ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ። አንድ እንጀራ ስንት እንደሆነ፣ ቁርስ ላይ ስንት፣ እራት ላይ ስንት መብላት እንዳለብኝ የነገረኝ የለም።

ቀኔ እንዲህ ነው። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ሒሳብ ክፍል ነው። ንጋት 11 ሰዓት ካልወጣሁ የታክሲው ሰልፍ አያደርሰኝም። በዚያ ሰዓት ደግሞ እህል አይወርድልኝም። ቢሮ ገብቼ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር ከሁለት ሳምቡሳ ጋር እወስዳለሁ። ምሳ ከባልደረቦቼ ጋር በአንድ ትሪ ነው፤ በጾም በየዓይነቱ፣ በፍስክ ጥብስ። ማታ 2 ሰዓት ቤት ስደርስ ርቦኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ሳይበሉ ስለሚጠብቁኝ አንድ ገበታ እንቀርባለን። ምን ያህል እንደበላሁ ሳላውቅ እጠግብና እተኛለሁ።

600፣ 600፣ 600 ብዬ ለሦስት ልክፈለው? ከሁሉም በላይ ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላ ሰው የራሱን ድርሻ በምን ያውቃል? ልጆቼን ከገበታ ለይቼ ለብቻዬ በሳህን መብላት አልፈልግም።

---

ሥነ ምግብ ያጠናሁ · ሰኞ ማታ 4:05

ወንድሜ፣ በጊዜ በመመርመርህ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ 1,800 ከየት እንደመጣ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ስታውቀው አጠቃቀሙ ይቀልሃል።

ሰውነታችን ተኝተን እንኳ ለልብ፣ ለሳንባና ለአንጎል የሚያወጣው ጉልበት አለ። ባለሙያዎች በብዛት የሚያሰሉት በ1990 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣ ቀመር ነው። ክብደትህን በ10፣ ቁመትህን በሴንቲ ሜትር በ6.25 አባዛና ደምር፤ ዕድሜህን በ5 አባዝተህ ቀንስ፤ ወንድ ከሆንክ 5 ጨምር፣ ሴት ከሆነች 161 ትቀንስ። ያንተ 840 ሲደመር 1,062 ሲቀነስ 170 ሲደመር 5፣ ወደ 1,740 ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ይህን በ1.2፣ ትንሽ ለሚራመድ በ1.375 እናባዛለን። ስለዚህ ክብደትህ ባለበት እንዲቆይ ከ2,100 እስከ 2,400 ይበቃሃል። 1,800 ከዚያ ከ300 እስከ 600 ያነሰ ነው፤ ማለትም ሳይጎዳህ ቀስ ብሎ የሚያቀንስህ ልክ ነው። ከዚያ በታች በራስህ ፈቃድ አትውረድ።

600፣ 600፣ 600 የሚለው ስህተት አይደለም፤ ግን ያንተን ቀን አያውቀውም። ንጋት 11 ሰዓት 600 ካሎሪ የሚበላ ሆድ የለህም። በሌላ በኩል ከምሳ እስከ ማታ 2 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትቆያለህ፤ ማታ ላይ ልኩ የሚጠፋብህ ከዚያ የተነሳ ነው። ካሎሪው ርሃብህ የሚበረታበትን ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበት። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

ሳትወጣ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ስኳር የሌለው ሻይ፣ ከ100 እስከ 150። 4 ሰዓት ላይ ከቤት የያዝከው ቁርስ 400። ምሳ 7 ሰዓት ላይ 650። ከቢሮ ስትወጣ፣ ሰልፍ ከመያዝህ በፊት፣ 150። እራት 450።

ዋናዋ ያቺ ከቢሮ ስትወጣ የምትበላት የ11 ሰዓቷ 150 ነች። እሷን ከተውካት እራቱ 450 ላይ አይቆምም።

---

የጎሮዋ እናት · ማክሰኞ ጠዋት 2:40

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። እኔ ስኳር ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእንጀራውን ነገር ተምሬው ሳይሆን በቤቴ ለክቼ ስላወቅሁት ልንገርህ።

በየቦታው «አንድ እንጀራ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ታያለህ፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ምጣዱ ይለያያል፣ የሚጋገረው ውፍረት ይለያያል፣ አንዷ ታሳሳለች፣ አንዷ ታወፍራለች። እንጀራውን ትተህ ዱቄቱን ያዝ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪ አለው፤ አንድ ኪሎው 3,670 መሆኑ ነው። ቤትህ አንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ባለቤትህን ጠይቃትና አካፍል። እኔ ቤት 7 ይወጣል። ላዩ ላይ የሚቀረረውን ውሃ ስለምደፋ ትንሽ ይቀንሳል ብዬ አንዱን 500 አድርጌ ይዣለሁ። ግማሹ 250፣ ሩቡ 125። ውሃ የጤፉን ካሎሪ አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም፤ ሊጡ ቢቀጥንም ቢወፍርም ከኪሎው የወጣው ድምር ያው ነው።

አሁን ስለ ገበታው። እኔም ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን ትቼ ለብቻዬ መብላት ሞት መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የራስህን እንጀራ ጠቅልለህ በፊትህ አስቀምጥ። ትሪው ላይ የተነጠፈው የቤተሰቡ ነው፣ ወጡ ይፈስበታል፤ አንተ የምትቆርሰው ግን ከጥቅልህ ብቻ ነው። ግማሽ እንጀራ ከሆነ ድርሻህ ግማሹ ሲያልቅ እጅህን ታነሳለህ። ወጡን ደግሞ ባለቤትህ በፊትህ በጭልፋ ታውጣልህ፤ አንድ ጭልፋ፣ ሁለት ጭልፋ ብለህ ትቆጥራለህ። ከማዶ ያለውን ጥግ አትድረስበት። የተነጠፈውን እንጀራ ወጥ ስለጠጣ ይጥማል፣ እጅም ይሄድበታል። ብዙ ሰው ሳይቆጥረው የሚበላው እሱን ነው።

ልጆችህ ሲያጎርሱህ እንቢ አትበል። ጥቅልህን ስታዘጋጅ ለእነሱ ጉርሻ የምትሆን ቁራሽ አስቀድመህ ቀንስና ተቀመጥ።

---

ሥነ ምግብ ያጠናሁ · ማክሰኞ ቀትር 6:15

እናቴ፣ ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ አስተማሪ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ዘይቱን።

ካርቦሃይድሬትም ፕሮቲንም በግራም 4 ካሎሪ ሲሰጡ ቅባት 9 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ከሩብ እንጀራ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ሽሮ እንይ። ለአራት ሰው 150 ግራም የሽሮ ዱቄት ብንጠቀም ወደ 540 ካሎሪ ነው። ቁሌቱ ላይ አንድ ጭልፋ ሙሉ፣ 80 ሚሊ ያህል ዘይት ከገባ ዘይቱ ብቻውን 660 ይሆናል። ከሽሮው ዘይቱ በለጠ። ያንኑ ወጥ በ3 የሾርባ ማንኪያ ብትሠራው ዘይቱ ወደ 360 ይወርዳል፣ የአንድ ሰው ድርሻም ከ300 ወደ 225። ሽንኩርቱን በውሃ ጠብ እያደረጉ አብስሎ ዘይቱን ኋላ ማስገባት ይቻላል፤ ጣዕሙ ብዙ አይጎድልም።

ጭልፋ መለካት የሚያስቸግር ከሆነ ጀሪካኑን ቁጠሩ። 5 ሊትር ዘይት ከ41,000 ካሎሪ በላይ ነው። አራት ሆናችሁ በወር ከጨረሳችሁት በየቀኑ ለእያንዳንዳችሁ ወደ 345 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ደርሷል ማለት ነው። በወጥ፣ በፍርፍር፣ በእንቁላል ጥብስ ውስጥ ስለገባ ማንም አላየውም። ጠያቂው፣ ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍበት፤ ሲያልቅ አካፍለው።

---

ማለዳ ሯጭ · ማክሰኞ ማታ 2:50

እኔ በዚህ አከፋፈል አልስማማም። ቁርስ ትልቁ መሆን አለበት። በ2013 በፈረንጆቹ አቆጣጠር እስራኤል ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። ወፍራም የሆኑ ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ሁሉንም በቀን 1,400 ካሎሪ ነው ያበሏቸው። ግማሾቹ ቁርስ 700፣ ምሳ 500፣ እራት 200፤ ግማሾቹ ተገልብጦ ቁርስ 200፣ ምሳ 500፣ እራት 700። ከ12 ሳምንት በኋላ ቁርስ ያበዙት በአማካይ 8.7 ኪሎ ሲቀንሱ እራት ያበዙት 3.6 ኪሎ ቀነሱ። ካሎሪው እኩል ሆኖ ይህን ያህል ልዩነት! ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ተነሥና ቁርስህን በደንብ ብላ። እኔ አያት አካባቢ በ10 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ እሮጣለሁ፣ በ12 ሰዓት ገንፎ ወይም ፍርፍር በእንቁላል እበላለሁ፤ እስከ ማታ አይርበኝም።

---

ሥነ ምግብ ያጠናሁ · ማክሰኞ ማታ 4:30

ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሮቹም ልክ ናቸው። ግን በ2022 ስኮትላንድ ውስጥ፣ አበርዲን፣ ተመራማሪዎች ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈትነውታል። ምግቡን በሙሉ እየመዘኑ ራሳቸው አቀረቡ፤ ያው ሰው አራት ሳምንት ከቀኑ ካሎሪ 45 በመቶውን ቁርስ ላይ፣ 20 በመቶውን እራት ላይ በላ፤ ሌላ አራት ሳምንት ደግሞ ተገልብጦ። 30 ሰዎች ናቸው። የክብደት ቅነሳው በሁለቱም እኩል ሆነ። የተለየው ርሃቡ ነው። ቁርስ ባበዙበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ የራባቸው ያነሰ ነበር።

ሁለቱን አስታርቄ የምረዳው እንዲህ ነው። ጠዋት የተበላ ካሎሪ የተለየ አስማት የለውም። ጠዋት የበላ ሰው ማታ ልኩን መጠበቅ ስለሚቀለው ነው፣ በተለይ የሚበላውን ሌላ ሰው ሳይመዝንለት ቤቱ ሲበላ። አንተ ከሩጫ በኋላ ይርብሃል፣ በ12 ሰዓት ቤትህ ነህ። እሱ በ12 ሰዓት ታክሲ ውስጥ ቆሟል። ቁርሱን ወደ 4 ሰዓት ብናሻግረው ያው ጥቅም ይገኛል። ግማሽ ሰዓት እንቅልፍ ቀንስ ማለቱ ግን አልታየኝም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ የበለጠ ይርበዋል።

---

ማለዳ ሯጭ · ማክሰኞ ማታ 5:02

የእንቅልፉን ተቀብያለሁ። ሁለተኛውን ጥናት አላየሁትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን እራቱ 450 ከሆነ ከመኝታ በፊት ትንሽ ይራመድ፤ በልቶ ወዲያው መተኛቱ ለስኳሩም አይበጅም።

---

የማታ ተረኛ ነርስ · ረቡዕ ንጋት 11:10

ተረኛ ሆኜ ነው የማነበው። ጠያቂው መድኃኒት አልጀመርክም፤ ስለዚህ ምሳ ብታዘገይ ወይም ብትቀንስ የሚያስፈራ ነገር የለም። ይህን ክር የሚያነቡ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ካሉ ግን እባካችሁ ከላይ ያለውን አከፋፈል እንዳለ አትቅዱት። መድኃኒቱ ምግብ ኖረም አልኖረም ስኳሩን ያወርደዋል። ካሎሪ ስትቀንሱ የመድኃኒቱም መጠን መታየት አለበት፣ እሱም የሐኪም ሥራ ነው። ላብ ላብ ካለህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ግራ ከተጋባህ ለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ወዲያው ጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመህ ለካ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል።

---

የአባዶ ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 3:25

የነርሷን ቃል ሁሉም ያንብብልኝ። አባቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ማንንም ሳያማክር ጠዋት መርፌውን እንደወትሮው ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ጾመ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የካ አባዶ መንገድ ላይ ወደቀ። ጎረቤት አንሥቶ ስኳር ስላጠጣው ነው የተረፈው። ንስሐ አባቱ ሲሰሙ አዘኑ፤ «ሕመምተኛ በልቶ ይጸልያል» ብለው ራሳቸው ከለከሉት። አሁን ከሥጋና ከወተት ይጾማል፣ ሰዓት ግን አይጾምም። ቁርሱን በሰዓቱ ይበላል።

---

ከቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ) · ረቡዕ ማታ 3:15

አባትህን እንኳን አተረፈልህ። እኔም ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፤ ዛሬም ጾም ነበርኩ። በጾም ቀን 1,800ው እንዴት ይሁን? 9 ሰዓት ላይ በየዓይነቱ በልቼ ማታ እንደገና ሽሮ እበላለሁ። ሁለቴ ብቻ ስለምበላ ያነሰ ይመስለኝ ነበር፤ የዘይቱን ሒሳብ ካነበብኩ በኋላ ግን ተጠራጠርኩ።

---

ሥነ ምግብ ያጠናሁ · ረቡዕ ማታ 4:00

ጥርጣሬህ ትክክል ነው። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም፤ በዘይት የተሠራ ሽሮና ምስር በእንጀራ ከፍስኩ ሊበልጥ ይችላል። በጾም ቀን ሁለት ገበታ ካለህ 9 ሰዓት ላይ 900፣ ማታ 700፣ የቀረውን 200 በመሀል በፍራፍሬ ወይም በትንሽ ቆሎ ያዝ። 900ውን በአንዴ ከመብላት ግማሹን 9 ሰዓት ላይ፣ ግማሹን 11 ሰዓት ላይ ብታደርገው ለስኳርህ ይሻላል፤ የሚገባው ሲበታተን ስኳሩ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ምስርና ባቄላ አብዛ፣ ጎመን አብዛ፣ እንጀራውን በጥቅል ቁጠር። ሻይህ ላይ ያለው ስኳር በየማንኪያው 16 ካሎሪ ነው፣ ማንኪያውን ቆልለህ ከሞላኸው ይበልጣል። በቀን ሦስት ሻይ በ3 ማንኪያ ወደ 145 ይሆናል። የ11 ሰዓቷን መክሰስህን በልቶብሃል።

---

አራብሳ ግንበኛ · ሐሙስ ማታ 2:20

ሰላም ለቤቱ። እኔ ቦሌ አራብሳ ኮንስትራክሽን ላይ ነኝ፤ ሲሚንቶ እሸከማለሁ፣ ብሎኬት አቀብላለሁ። 24 ዓመቴ፣ 60 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68። ይህን ሁሉ አንብቤ እኔም 1,800 ልጀምር ብዬ ነበር፤ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ጤና ነው ይላሉ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ፓስታ በእንጀራ፣ ማታ የተገኘውን ነው የምበላው። ከ10 ሰዓት በኋላ ጉልበቴ ያልቃል፣ ባለፈው መሰላል ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ።

---

ሥነ ምግብ ያጠናሁ · ሐሙስ ማታ 3:45

ወንድሜ፣ እባክህ አትጀምር። ያንተን በዚያው ቀመር አስልቼዋለሁ፤ ተኝተህ የምታወጣው 1,535 ነው። እንዳንተ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን በ1.9 ያባዛል፤ ወደ 2,900 ይመጣል። 1,800 በልተህ ሲሚንቶ ብትሸከም በየቀኑ ከ1,000 በላይ ትጎድላለህ። መሰላል ላይ ዓይንህ የጨለመው በዚህ ይመስለኛል፣ ግን ውሃ ማነስም ደም ማነስም ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄደህ ታይ።

ለጠያቂው ቀንስ ያልኩትን ሁሉ ላንተ ጨምር ነው የምልህ። ዘይት ያለበት ወጥ ላንተ ጉልበት ነው። ለውዝ በ100 ግራም ከ560 ካሎሪ በላይ አለው፣ ኪስህ ውስጥ ይገባል፣ አይበላሽም። ጠዋት ከሻይ በዳቦ ይልቅ በሶ በጥብጥ ወይም ጭብጦ ያዝ። የምሳህን ፓስታ ምስር ወይም እንቁላል ይጨመርበት፤ ፓስታ በእንጀራ ሆድ ይሞላል፣ ጡንቻን ግን አይጠግንም። አከፋፈልህም ለየት ይበል፦ ሳትጀምር 700፣ 4 ሰዓት ላይ 400፣ ምሳ 900፣ 10 ሰዓት ላይ 300፣ እራት 600። የ10 ሰዓቷን አትዝለላት፣ ጉልበትህ የሚያልቀው ከዚያ ሰዓት በኋላ ነውና።

---

የጎሮዋ እናት · ዓርብ ጠዋት 3:00

የአራብሳው ልጄ፣ እናትህ አጠገብህ ናት? ብቻህን ከሆንክ በሶውን እሑድ እሑድ አዘጋጅተህ በላስቲክ ከፋፍለህ አስቀምጥ። ሥራ ቦታ ውሃ ካለ ሌላ አያስፈልግህም። ያለ ቁርስ መሰላል አትውጣ፣ አደራ።

---

አራብሳ ግንበኛ · ዓርብ ማታ 2:05

እናቴ አርሲ ናት። እሺ እማማ፣ አደርገዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

---

ከቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ) · ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ 8:30

የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ፣ ባለዕዳችሁ ነኝና።

የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር። ንጋት ላይ እንቁላሏ አልወርድ ብላኝ ሁለት ቀን ተውኳት፤ አሁን ለምጃታለሁ። ምሳ ዕቃ መያዝ ጀመርኩ። ባልደረቦቼ ቅር እንዳይላቸው ምሳ ዕቃዬን ይዤ እዚያው ትሪያቸው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ይዘው መጡ። 11 ሰዓት ላይ አንድ ሙዝና ጥቂት ለውዝ እበላለሁ። ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ብቆም እንኳ ቤት ስደርስ እንደ በፊቱ ጉልበት አያጥረኝም። ለውጡን ያመጣው ይህ ይመስለኛል፤ ማታ በግማሽ እንጀራ መጥገብ እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በጥቅል መብላቱን ባለቤቴ ወደደችው። ትልቋ ልጄ «የአባዬ ጥቅል» እያለች ራሷ ታመጣልኛለች። ጀሪካኑ ላይ ቀን ጽፈናል፤ ድሮ በወር የሚያልቀው 5 ሊትር ዛሬ 36ኛ ቀኑ ነው፣ አሁንም አለ።

ያልተሳካልኝም አለ። ሁለት ለቅሶና አንድ ሠርግ ነበረብን፤ በእነዚያ ቀናት አልቆጠርኩም፣ በማግሥቱ ወደ ልኬ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት ስመዘን 81.8 ሆኛለሁ። ስኳሬን መቼ ደግሜ ልለካ?

---

የማታ ተረኛ ነርስ · እሑድ ማታ 1:40

እንኳን ደስ ያለህ። በባዶ ሆድ የሚለካውን በማንኛውም ጊዜ ማየት ትችላለህ፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ግን ሦስት ወር ሲሞላህ ብታደርገው ለውጡ በትክክል ይታያል። የመጀመሪያውን ውጤት የያዘውን ወረቀት እንዳትጥለው፣ ሐኪሙ ያወዳድረዋል።

---

የጎሮዋ እናት · እሑድ ማታ 2:10

እሰይ ልጄ! ባለቤትህን አመስግንልኝ። አንድ ኪሎው ስንት ወጣላት? ሳትነግረን ቀረህ።

---

ከቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ) · እሑድ ማታ 2:35

እማማ፣ በንጹሕ ጤፍ እንደ እርስዎ 7 ነበር የወጣው። በዚህ ሳምንት ገብስ ቀላቅላ አሳስታ ስትጋግረው 8 ወጣ። አንዱን ወደ 440 አስልቼ ግማሹን 220 ብዬ ይዣለሁ፤ በተረፈችው 30 ጎመን እጨምራለሁ።